ድንኳን የሚተከልበት መንገድ

ጃካርታ፣ ማርች 4፣ 2018

ቡ ላስትሪ፣ እማማ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላኩልኝ የአኩሪ አተር ቴምፔ ጥብስ በደህና ደርሶኛል። በደህና ስል ግማሹ መንገድ ላይ ደቅቋል፤ ፍርፋሪውን በማንኪያ እየዛቅኩ ስበላ የቢሮ ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ዋሉ። አላህ ይስጥልኝ።

ይህን ያህል ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልደውል አስቤ ነበር፤ እርስዎ ግን ስልክ ሲያነሡ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉብኛል። በስልክ መልእክት ብልክልዎ ደግሞ ለጎረቤትዎ ለቡ ካስያቲ ያሳዩዋታል፣ እሷ የሰፈሩ ሴቶች ቡድን ውስጥ ታስገባዋለች፣ ከምሳ በፊት ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በፖስታ ይሁን። የእጅ ጽሑፌ ተበላሽቷል፤ የአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶዎን ያዘጋጁ።

ወሬው እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እውነት ነው። የባቡር ጥገናው ግቢ ሊለማ ነው፤ ወረቀቱን ከሚጽፉት ሰዎች አንዷም እኔ ነኝ። የምንጽፈው ፕላኑን አይደለም፤ የፕላን መርሆዎች ነው የሚባለው። ነገ ማንም መጥቶ ግቢው ላይ ቢገነባ፣ ሆቴልም ይሁን ሆስፒታል፣ ከእነዚህ መርሆዎች መውጣት አይችልም። ትልቁ የጥገና አዳራሽ አይፈርስም የሚለውን አስገብተናል። የማንጎ ዛፎቹ አይነኩም። ቢሮ ብቻ ተሠርቶ ሲመሽ ባዶ የሚቀር ሰፈር እንዳይሆን፣ መኖሪያውና ሱቁ ተቀላቅሎ ይሠራ ብለናል። በዚህ ሁሉ እኮራለሁ።

አንዱ መርህ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። "ግቢው ከተቀረው ከተማ ጋር በሰፊ መንገድ ይገናኝ" ይላል። ሲያነቡት ምን ክፋት አለው? የቡድናችን ኃላፊ ፓክ ሃንዶዮ ካርታው ላይ መስመሩን ሲያሰምር ግን ከገበያው ተነሥቶ፣ በመላቲ መንገድ አልፎ ነው ግቢው የሚገባው። በሰፈራችን መሐል ማለት ነው። በግራ በኩል ያሉት ቤቶች ይነሣሉ፤ የእርስዎም ቤት በግራ በኩል ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ደግሞ መኪና ደጃፋቸውን እየጠረገ ሲያልፍ ይኖራሉ።

እኔ ብቻዬን ልለውጠው አልችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። ማርች 25፣ እሑድ ጠዋት፣ አዳራሹ ውስጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርቷል። ሰው መጥቶ "አንፈልግም" ካለ ይጻፋል፤ አንዴ ከተጻፈ በቀላሉ አይሰረዝም። ማንም ምንም ካላለ ግን እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ቡ፣ እባክዎን ሰፈሩን ሁሉ ይዘው ይሂዱ። እኔን በዚያ ሰሞን ሌላ ከተማ መድበውኛል፤ አልገኝም። ረቂቁን አብሬ ልኬዋለሁ።

መቼም የማትለቅ ተከራይዎ፣
ወኒንግ

መላቲ መንገድ፣ ኤፕሪል 2፣ 2018

ንዱክ፣ ልጄ፣

ረቂቁን አርሜ መልሼልሻለሁ። ከአሥር ስድስት ሰጥቼሻለሁ፤ እሱም ለድሮ ፍቅራችን ስል ነው። "ተጠቃሚ" የሚለው ቃል በየገጹ ተበትኗል፤ "ጎረቤት" የሚል ግን ባገላብጠው ባገላብጠው አንድም ቦታ አጣሁ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳስተምር ተጠቃሚ የሚባል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ስለ ስብሰባው በሁለት መስመር ብቻ ጠይቀሽኛል፤ ያውም ሰላምታ የሌለው። ምን ነካሽ? ስብሰባው ደህና ነበር አሉ። እኔ አልሄድኩም። ማንም አልሄደም። እንዴት ብለን እንሂድ? በዚያ ቀን የቡ ካስያቲ ልጅ ተዳረች። ቀኑን ሽማግሌው የሙሽሮቹን የልደት ቀን አመሳክረው ካወጡት ቆይቷል፤ ስብሰባ አለ ተብሎ አይገፋም። ድንኳኑ ከዋዜማው ተተክሎ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። እኔ ሩዙ ላይ ተመድቤ ነበር። ያ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ፓክ ሙጂዮኖ፣ ግቢው ውስጥ ባቡር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣው፣ ውሃ ሲያመላልስ ዋለ። የጎረቤትን ድግስ እሳት ላይ ጥሎ ስብሰባ የሚሄድ ሰው በዚህ ሰፈር እንደማይገኝ አንቺም ታውቂያለሽ።

እንግዶችሽን ግን አላስቀየምናቸውም። ከሩቅ አገር መጥተው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለዋል ሲሉን አንጀታችን አልቻለም። ቡ ካስያቲ፣ "ጦማቸውን ሲመለሱ ዝም ብለን እንይ? ነውር አይደለም?" ብላ ለእያንዳንዳቸው የድግስ ሣጥን አስያዘች። ሩዝ፣ የበሬ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጣፋጩም አልቀረም። ፓክ ሙጂዮኖ በሁለት እጁ ተሸክሞ አደረሰላቸው። ተነሥተው አመስግነዋል አለ። አንደኛው እንዲያውም ሁለት ሣጥን ጨርሷል።

ስለዚህ አትስጊ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት፤ ስብሰባውን ሌላ ቀን ያደርጉታል። አንቺ ብቻ ሰላምታ መጻፍ አትርሺ።

ቡ ላስትሪ

ጃካርታ፣ ኤፕሪል 11፣ 2018

ቡ፣ ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቡ ካስያቲ፣ ሰላም ለአዲሶቹ ሙሽሮች፣ ሰላም ለድመትዎ። አሁን ታረቅን?

ለዚያች ሁለት መስመር ይቅርታ ይደረግልኝ። ማንም አልመጣም ሲሉኝ ነገሩን ንቃችሁት መስሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ደርሶኛል። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "ነዋሪዎች በረቂቁ ላይ ተቃውሞ አላቀረቡም። ደስታቸውንም ለቡድኑ ምግብ በመላክ ገልጸዋል።" ገባዎት? የቡ ካስያቲ ሣጥን እንደ ፊርማ ተቆጠረ። ፓክ ሃንዶዮ ሲመለስ በየቢሮው እየዞረ፣ "እንዲህ ያለ አመስጋኝ ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ መንገዱን እንዴት ቢፈልጉት ነው!" ይላል። ሁለት ሣጥን የጨረሰው እሱ ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ የመሰለውን ነው የተናገረው። ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ የሚቃወምህ ሰው ምሳ ይልክልሃል ብሎ በምን ይጠርጥር?

ነገሩ ግን አላለቀም። የከተማው ምክር ቤት መርሆዎቹን የሚያጸድቀው ኦክቶበር ላይ ነው። እስከዚያ ነዋሪው በጽሑፍ ከተቃወመ ማየት ግዴታቸው ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። ቃሉን ልላክልዎ ብዬ ነበር፤ ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። እርስዎ ይጻፉት፣ ሰፈሩ ይፈርምበት። ለጉልበትዎ ቅባት ልኬያለሁ፤ ሲተኙ ይቀቡት።

ወኒንግ

መላቲ መንገድ፣ ሜይ 6፣ 2018

ንዱክ፣

ቅባቱ ይሸታል፣ ግን ይሠራል። ተባረኪልኝ።

ፊርማው የት ደረሰ ላልሽው፣ የትም አልደረሰም። አትቆጪ፤ መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢ። ፓክ ሙጂዮኖ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፤ አጨበጨቡ። እስክሪብቶው መዞር ሲጀምር ግን ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ፣ አንድም ሰው ሳይፈርምበት፣ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ መጣ።

"ቡ መምህር፣ አጻጻፍዎስ ግሩም ነው፤" አለ ከወደ ጥግ አንዱ። "ግን ያበላነውን ሰው እንዴት ብለን እንክሰስ?"

ቡ ካስያቲ ማልቀስ ጀመረች። "ሣጥኑ የእኔ ነው። ልጄን የዳርኩበት ምግብ ነው። በልተው መርቀዋት ሄዱ። አሁን 'አበላናችሁ እንጂ አልወደድናችሁም' ብዬ ልጻፍ? የልጄ ትዳር ምን ይሆናል?"

"ቤትሽ ሲፈርስስ ልጅሽ ስትመጣ የት ልትገባ ነው?" አላት ፓክ ሙጂዮኖ።

"አንተ ደግሞ ዝም በል! ያደረስከው አንተ ነህ። እዚያው ቆመህ 'መንገዱን አንፈልግም' አትላቸውም ነበር?"

"ያን ሁሉ ሣጥን ታቅፌ?"

ሁሉም ሳቀ፤ ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እስክሪብቶው ተመልሶ እጄ ሲገባ እኔም አልፈረምኩም። ቤቴን እወደዋለሁ። ባለቤቴ የሞተበት፣ አንቺ ተማሪ ሆነሽ የኖርሽበት ቤት ነው። ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሰውን አብልቶ መክሰስ አልተማርንም።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ያበላነውን እንግዳ መክሰስ ባንችል ደግመን መጥራት ማን ይከለክለናል? ኦገስት 26፣ እሑድ፣ መንገዱ ላይ ሌላ ድንኳን ይተከላል፤ ቀኑን ሽማግሌው አውጥተውታል። ለፓክ ሃንዶዮ ጥሪውን አድርሺልኝ። ስብሰባ አይደለም በይው፣ ሠርግ ነው። የማን ሠርግ ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የሰፈር ሰው ነው። አንቺ እሱ እንዲመጣ ብቻ አድርጊልኝ። ሰውየው ቃሪያ ይችላል?

ቡ ላስትሪ

ጃካርታ፣ ጁላይ 8፣ 2018

ቡ፣ እንኳን ለጾሙ ፍቺ በሰላም አደረሰዎ፣ ቢዘገይም።

ቃሪያ አይችልም፤ የቃሪያውን ሳምባል ለብቻው ያድርጉለት። ጥሪውን በእጄ ሰጥቼዋለሁ። ግራ ገብቶት አገላብጦ አየውና "ምን ይዤ ልሂድ?" አለኝ። "ሆድዎን" አልኩት። ይመጣል።

አንቺስ ትመጫለሽ ወይ ላሉት፣ አልመጣም። ምክንያቱን ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ደብቄዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ከቡድኑ አውጥተውኛል። ረቂቁ ላይ በራሴ ሐሳብ አንድ መስመር ጨምሬ ነበር፤ "የሰፈር መንገድ ጎረቤት ለደስታውም ለሐዘኑም ሊዘጋው የሚችል ይሁን" የሚል። የትራፊክ መሐንዲሶቹ ሳቁብኝ። "መንገድ የሚሠራው እንዲከፈት ነው እንጂ እንዲዘጋ ነው እንዴ?" አሉ። መስመሩ ተሰረዘ። ከዚያ አንዱ እዚያው ሰፈር ተከራይቼ እንደ ኖርኩ አወቀና፣ ከዚያ ቤት የበላ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ አይወስንም ተባለ። "ከዚያ ሰፈር ያልበላ ማን አለ?" ብዬ ሣጥኑን ላነሣባቸው ነበር፤ አፌን ያዝኩ። ሕጉ ሕግ ነው፣ አልተቀየምኩም። አሁን የሌላ ከተማ ቆሻሻ መድፊያ ላይ መድበውኛል፤ ሽታው ከቅባትዎ አይብስም። ድንኳኑ ውስጥ ከታየሁ ግን ሠርጉን እኔ ያቀናበርኩት ይመስላቸዋል፤ የእናንተ ድካም ሁሉ ገደል ይገባል።

ለአንድ ጠባብ መንገድ ለምን ይህን ያህል ሆንሽ ብለው ጠይቀውኛል። እርስዎ ይጠይቁኛል?

አባዬ ሲሞት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቤ ካሊማንታን፣ ባሕሩ ማዶ፤ መርከብ አጥቼ ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ክፍሌን ዘግቼ ተኛሁ። ከሰዓት ስነሣ መንገዱ ተዘግቷል። ድንኳን ተተክሏል፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ፓክ ሙጂዮኖ መንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ሞተር ሳይክሎቹን ወደ ኋላ ይመልሳል። ማን ሞቶ ነው ብዬ ጠየቅኩ። "አባትሽ ነዋ!" አለችኝ ቡ ካስያቲ። አባቴን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም፤ ስሙን ራሱ የሰሙት ከእርስዎ ነው። ሰባት ምሽት ሙሉ መጥተው ዱዓ አደረጉለት። በዚያ ከተማ ውስጥ ዘመድ ለሌላት ተከራይ ልጅ መንገድ ተዘጋላት። ያኔ ማመስገኛ ቃል አልነበረኝም፤ አለቀስኩ እንጂ። ዛሬ ልበለው፦ ቡ፣ አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ከተማ ስሄድ መንገዱን የማየው ድንኳን ይተከልበት እንደሆነ ነው። የተሰረዘችው መስመሬ የመጣችው ከዚያ ነው።

ወኒንግ

መላቲ መንገድ፣ ሴፕቴምበር 3፣ 2018

ንዱክ፣ የእኔ ልጅ፣

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ለማንም አላነበብኩትም፤ ለፓክ ሙጂዮኖ ብቻ። መነጽሩ ውስጥ አቧራ ገባ ብሎ ወጣ።

ሙሽራዋ ማን ነበረች፣ እስከ መቼ ይደብቁኛል ብለሽ ተቆጥተሻል። እሺ፣ ተቀመጪና ስሚ። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ሙሽራው ፓክ ሙጂዮኖ ነው። አፍሽን ዝጊ፣ ዝንብ ይገባብሻል።

ከጠየቀኝ ቆይቷል። "በዚህ ዕድሜ ሰው ምን ይለኛል" እያልኩ ሳመላልሰው ኖርኩ። ያን ቀን ሳይፈርሙ የተበተኑ ጊዜ፣ ድንኳን ለመትከል ሠርግ ያስፈልገናል፣ በሰፈሩ ደግሞ የሚዳር ልጅ አልቀረም እያልኩ ስብሰለሰል፣ በረንዳው ላይ ብርጭቆ ሲሰበስብ አየሁት። "እንግዲያውስ እሺ" አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና "እሺ ያልሽው ለእኔ ነው ለመንገዱ?" አለኝ። "ለሁለታችሁም" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ላገኘው ሰው ሁሉ "እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ባለውለታ ነኝ" ይላል። አሮጌ ሙሽሮች ምን ድንኳን ያስፈልጋቸዋል ብለው የሳቁብን ነበሩ። እኔ ግን መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ካልሞላ አልዳርም አልኩ።

ያልነገርኩሽ፣ ብታውቂ እንደማትቀሪ ስለማውቅ ነው። ከመጣሽ ደግሞ ራስሽ እንዳልሽው ሁሉም ይበላሻል። ልጄ በሠርጌ ቀን አለመኖሯ አንጀቴን በላው። ባቲክ ልብሱን እያለበሱኝ አለቀስኩ፤ የሙሽራ ለቅሶ መስሏቸው እልል አሉልኝ። ይቅር በይኝ፣ ንዱክ።

ያንቺ ፓክ ሃንዶዮ መጣ። መኪናው መንገዱ አፍ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ በእግር ነው። "በማን ፈቃድ ነው የተዘጋው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። "በሁላችንም" አሉት። ቡ ካስያቲ ያለ ቃሪያ የተሠራለትን ይዛ እስኪጨርስ ፊቱ ተቀመጠች። ሲጨርስ ለፓክ ሙጂዮኖ ስለ እናቱ ነገረው። ስትሞት በሚኖሩበት ፎቅ ላይ ለቀስተኛ የሚያስቀምጡበት ቦታ ጠፍቶ፣ ምድር ቤት ውስጥ መኪናዎቹ መሐል ቆመው ነው ሰው የተቀበሉት። መኪና ሊወጣ በመጣ ቁጥር ለቀስተኛው ተነሥቶ ዘወር ይል ነበር። ይህን ያወራው የኛን ድንኳን ጣራ እያየ ነው።

ሊሰናበተን ወደ ሙሽሮቹ ወንበር መጣ። ሙሽራ ዝም ትበል ይላሉ፤ እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እጁን ይዤ፣ "ፓክ፣ ስለ መጡልን ከልብ እናመሰግናለን። በሚቀጥለው ሲመጡ ድንኳኑን የት እንትከልልዎ?" አልኩት።

እጄን አልለቀቀም። ዞሮ በግራ በኩል ያሉትን ቤቶች አየ። "የእርስዎ የትኛው ነው?" አለኝ። አሳየሁት። ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶኝ ሄደ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። የሚበላውን በልቶ፣ የሚያየውን አይቶ ሄዷል፤ ከዚህ በላይ የእኛ እጅ አይደርስም።

ቡ ላስትሪ
(የባለቤቴን ስም ጨምሬ መጻፍ ገና አልለመድኩም)

ጃካርታ፣ ኦክቶበር 29፣ 2018

ቡ፣

"ሙሽራዋ እኔ ነኝ" የሚለውን ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ መውረጃዬን አልፌ የማላውቀው ሰፈር ወረድኩ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሠርግዎን ነፈጉኝ! ሩዙ ላይ ልመደብ፣ ባቲኩን እኔ ላለብስዎ አይገባኝም ነበር? እስከ ቤቴ በእግሬ እየሄድኩ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ። በር ላይ ስደርስ ንዴቱ አልቆ ነበር። ለመንገዱ ብለው እኔን ከሠርግዎ ሲያስቀሩ ምን ያህል እንዳመመዎ ሳስበው፣ በምን እንደምመልሰው አላውቅም። ፓክ ሙጂዮኖን ይሳሙልኝ። መልካም ሰው ነው፤ አይቆጡት።

አሁን ደግሞ የኔን ይስሙ። ጸድቋል። መላቲ መንገድ አይነካም።

ፓክ ሃንዶዮ መስመሩን አጥፎ በአዳራሹ ጀርባ፣ በድሮው ሐዲድ ላይ አዞረው። መንገዱ ይረዝማል፤ መሐንዲሶቹ አጉረመረሙ። ምክር ቤቱ ፊት ራሱ ተነሥቶ፣ "ቃለ ጉባኤያችን ስህተት ነበረው። የበላነው የሠርግ ምግብ ነው እንጂ የስምምነት አይደለም፤ ይታረምልኝ" አለ። የተሰረዘችውን መስመሬን ሳልጠይቀው መልሷታል፤ በራሱ ቃል ጨምሮባት። ገጹን ልኬልዎታለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ "የመላቲ መንገድ እንዳለ ይቆያል። በግቢው የሚሠሩ የሰፈር መንገዶችም ድንኳን የሚተከልባቸው፣ ጎረቤት ለደስታውም ለሐዘኑም ሊዘጋቸው የሚችል ይሁኑ።" ገና ማን እንደሚኖርበት በማይታወቅ ግቢ ውስጥ፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ አገኙ። "ጎረቤት" የሚለው ቃል ገብቷል። ስንት ይሰጡኛል?

መቼ ትመጫለሽ ላሉት፣ ከእንግዲህ የሚከለክለኝ የለም። ዲሴምበር 9 እመጣለሁ። ሠርጉ አምልጦኛል፤ ሐዘንም አላህ አያምጣው። ያለ ምንም ምክንያት ነው የምመጣው፣ አይድከሙ። ሻንጣዬ የሙሽሮች ስጦታ ስላለበት ከባድ ነው፤ ከጣቢያው መኪና ይዤ ደጃፍዎ ድረስ እገባለሁ።

ወኒንግ

መላቲ መንገድ፣ ኖቬምበር 12፣ 2018

ንዱክ፣ ልጄ፣

ከአሥር ዘጠኝ። አንዱን ያስቀረሁት እንዳትኮሪብኝ ነው።

ገጹን ድንኳን በተተከለበት ቦታ፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። ቡ ካስያቲ "የእኔ ሣጥን ሕግ ውስጥ ገባ!" ብላ ዘለለች። ለፓክ ሃንዶዮ ምን እንላክለት ብለው ሲከራከሩ፣ ሣጥን ግን እንዳይሆን አልኩ፤ በደብዳቤ አመስግነናል፣ ሁሉም ፈርሞበታል። ለምስጋና ሲሆን እስክሪብቶው ማንንም ሳያስፈርም አላለፈም።

በመኪና እስከ ደጃፍ እገባለሁ ያልሽው አይሆንም። ያን ቀን መንገዱ ዝግ ነው። ፓክ ሙጂዮኖ ቋሚዎቹን ተውሶ በረንዳዬን ሞልቶታል፤ ማለፊያ አጥቼ በጓሮ በር ነው የምወጣው። ሩዙ ላይ የሚመደቡት ተመድበዋል። ከላይኛው መንገድ ሰዎች መጥተው "ማን ሊዳር ነው? ማን ሞቶ ነው?" ብለው ጠየቁት። "ተከራያችን ልትመጣ ነው" አላቸው። ሌላ የጠየቀ የለም፤ ምንጣፍ እናውሳችሁ ወይ ብቻ ነው ያሉት።

መንገዱ አፍ ላይ ውረጂ። ሻንጣሽን እኛ እንሸከመዋለን።

ቡ ላስትሪ ሙጂዮኖ